የህዋ በዓል በጆሮ ሲከበር፦ ሰሜን ሸዋ ምን ይጎድላታል?

ከጥቅምት 23፣ 1993 ዓ.ም. ጀምሮ ህዋ ሰው አጥቶ አያውቅም። በዚያ ቀን አሜሪካዊው ቢል ሼፐርድ፣ ሩሲያውያኑ ዩሪ ጊድዜንኮና ሰርጌይ ክሪካሌቭ ወደ ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ገቡ። ከእነሱ ወዲህ ተረኛው ሳይደርስ ጣቢያው ባዶውን ያደረበት ቀን የለም። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ይህ ነገር 25 ዓመት ሞላው።

ከ11 ቀን በኋላ ደግሞ ብዙም ያልተወራለት ሌላ 25ኛ ዓመት ነበር። ኅዳር 4፣ 1993 ያው ሼፐርድ ከጣቢያው ሆኖ በአማተር ሬዲዮ ከምድር ጋር ተነጋገረ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጠፈርተኞች ከተማሪዎችና ከተራ ሰዎች ጋር በዚህ መንገድ ሲያወሩ ኖረዋል። ሥራውን የሚያስተባብረው አሪስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። ይኸው ስብስብ 20ኛ ዓመቱን ያከበረው ከጣቢያው ላይ ሥዕሎችን በሬዲዮ ወደ ምድር በመላክ ነበር። ከታኅሣሥ 15፣ 2013 ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል የፈለገ ሰው ሁሉ ሥዕሎቹን ከሰማይ ላይ መልቀም ይችል ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ሰውም ጭምር።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ የአከባበር ዓይነት ነው። እኛ ለምን ከውስጡ እንደሌለንም አነሳለሁ።

አማተር ሬዲዮ ስል ኤፍ ኤም ማለቴ አይደለም። ሙዚቃ የለም፣ ስፖንሰር የለም፣ የስልክ መስመር ክፍት ነው የሚል የለም። እነዚህ ከየመንግሥታቸው ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ናቸው። ፈተና ይፈተናሉ፣ የጥሪ ምልክት (አየር ላይ የሚታወቁበት ስም) ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ በራሳቸው ጣቢያ ከሌላ አገር ሰው ጋር ያወራሉ። ገንዘብ ማግኛ ማድረግ ክልክል ነው። ሐኪም አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ካህንም አለ።

የህዋ በዓል ሲደርስ እነዚህ ሰዎች መድረክ አያዘጋጁም። ለበዓሉ ልዩ የጥሪ ምልክት ይጠይቁና ለጥቂት ቀን በዚያ ስም አየር ላይ ይወጣሉ። ያገኛቸው ሰው ቀኑ፣ ሰዓቱና ሞገዱ የተጻፈበት ካርድ ይደርሰዋል። ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4፣ 1953 ዓ.ም. በ108 ደቂቃ ምድርን ዞሮ የተመለሰበት ቀን በየዓመቱ እንዲህ ይታወሳል። እኔን የሚማርከኝ አንድ ነገር ነው። በዚህ በዓል ተመልካች የሚባል የለም። ወይ ትልካለህ ወይ ትሰማለህ። ንግግር አድርጎ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ አይቻልም። የእኛ አገር የበዓል አዘጋጆች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ሁሉም የጀመረው በአንድ ዋት ነው

መስከረም 24፣ 1950 ዓ.ም. ሶቪየቶች ስፑትኒክን ላኩ። 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ 83.6 ኪሎ የምትመዝን የብረት ኳስ ናት። ውስጧ 1 ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ ነበር። አንድ ዋት ማለት ከትንሽ የእጅ ባትሪ ኃይል አይበልጥም። በ20.005 እና በ40.002 ሜጋኸርዝ እየተፈራረቀች «ቢፕ፣ ቢፕ» ትል ነበር።

ልብ ማለት ያለብን ሞገዱ ላይ ነው። 20 ሜጋኸርዝ የጦር ሠራዊት ምስጢር አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ አማተር ቤቱ ባለው የአጭር ሞገድ መቀበያ ሊይዘው የሚችል ቦታ ነው። ሳተላይቷ ከመላኳ በፊት የሶቪየት የሬዲዮ መጽሔት ለአማተሮች እንዴት እንደሚሰሟት ጽፎ ነበር። ስለዚህ ያቺ ኳስ ስትነሣ ዓለም ዙሪያ ሰው ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃት ነበር። ባትሪዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ሠርቶ አለቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ከጀርመን እስከ አሜሪካ ሰዎች በየቤታቸው ቀድተዋታል።

ከሰሙት መካከል በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ዊሊያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የሚባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ነበሩ። የቢፕ ድምፁ ሳተላይቷ ስትመጣ ቀጠን፣ ስትሄድ ወፈር ይላል። የደብረ ሲናን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ባጠገባችሁ ሲያልፍ ድምፁ እንደሚለወጠው ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ከዚህ ለውጥ ብቻ ተነሥተው የሳተላይቷን መንገድ አሰሉ። ከዚያ ነገሩን ገለበጡት። የሳተላይቱ መንገድ ከታወቀ፣ የሚሰማው ሰው የት እንዳለ ማስላት ይቻላል። ትራንዚት የተባለው የመጀመሪያው የሳተላይት የአቅጣጫ መፈለጊያ የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ዘሩ ሲቆጠር እዚያ ይደርሳል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ዳር ቆማ አልነበረችም። ስፑትኒክ የተላከችው ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው የ18 ወር ዘመቻ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው ለዚያው ዘመቻ ነበር። ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ቦታው የተፈለገው ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ነው። ሰሜን ሸዋም እዚያው ቀበቶ ላይ ናት። ከላያችን ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ክፍል ከአውሮፓው የተለየ ጠባይ አለው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሳተላይት ምልክት ከፍ ዝቅ ሲል መስማት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለአጥኚ ግን እንቁላልና ዶሮ አንድ ላይ ነው፤ ሰማዩም ጥያቄውም እዚሁ አለ።

ከፍ ያለ ቦታና ለወገብ መቅረብ ለሰማይ አድማጭ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሌሎች ቀድመው ያውቁታል። አስመራ ላይ በነበረው የአሜሪካ ቃኘው ጣቢያ ሁለት ግዙፍ ዲሾች የሶቪየትን የሩቅ ህዋ መንኮራኩሮች ያዳምጡ ነበር። ያ የስለላ ሥራ ነው፤ የአማተር አይደለም። ደጋው ግን ያው ደጋ ነው።

አሮጌ ልብስና የተማሪዎች ስፑትኒክ

አማተሮች በዓል ሲያከብሩ ከካርድ አልፈው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ስፑትኒክ 40 ዓመት ሲሞላት የሆነው ከሁሉም ይበልጥብኛል። በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለች የናልቺክ ከተማ ተማሪዎችና በሕንድ ውቅያኖስ የሬዩኒየን ደሴት ተማሪዎች ተባብረው የስፑትኒክን አምሳል ሠሩ። መጠኗ የእናቷ ሲሶ ነበር። ጥቅምት 24፣ 1990 ዓ.ም. ከሚር የህዋ ጣቢያ ላይ በእጅ ተለቀቀች። እሷም «ቢፕ፣ ቢፕ» አለች። የድምፁ ቅጥነት በውስጧ ባለው ሙቀት ይለዋወጥ ነበር። ስለዚህ የሚሰማት ልጅ በድምፁ ብቻ ህዋ ላይ ያለችው ሳተላይት ውስጧ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ ይችላል። ሬዩኒየን ማለት ከማዳጋስካር ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ፓሪስ አይደለችም፤ ሞስኮም አይደለችም።

ጥር 26፣ 1998 ዓ.ም. ደግሞ የህዋ ጣቢያው ሰዎች ያረጀ የሩሲያ የጠፈር ልብስ ውስጥ ሬዲዮና ባትሪ ከተው ወደ ውጭ ወረወሩት። ባዶ ልብስ ምድርን እየዞረ በተለያየ ቋንቋ ሰላምታ ያሰማ ነበር። ምልክቱ ከታሰበው በጣም ደካማ ሆነ። ሰዎች ግን ሁለት ሳምንት ያህል አሳደዱት። በ2003 ዓ.ም. የጋጋሪን በረራ 50 ዓመት ሲሞላ ደግሞ ኬድር የተባለች ሳተላይት ከጣቢያው ተለቀቀች። ኬድር የጋጋሪን የራሱ የጥሪ ምልክት ነበር። 15 ቋንቋ ተሸክማ ነበር የሄደችው።

የዚህ ሁሉ አባት ኦስካር 1 ናት። ካሊፎርኒያ ያሉ አማተሮች በየጋራዣቸው የሠሯት፣ 5 ኪሎ እንኳ የማትሞላ ሳጥን ናት። ታኅሣሥ 3፣ 1954 ዓ.ም. ለሌላ ሥራ በተላከ ሮኬት ላይ የሚዛን ክብደት በሚቀመጥበት ቦታ ተለጥፋ ወጣች። ከስፑትኒክ ገና አራት ዓመት ቢሆን ነው። መንግሥታት ብቻ በሚገቡበት ሰማይ ግለሰቦች ገቡ። በሞርስ ፊደል «ሃይ» እያለች ሦስት ሳምንት ሠራች። ከ28 አገር 570 ሰዎች ሰማናት ብለው ጻፉ። የዛሬዎቹ የዩኒቨርሲቲ ትንንሽ ሳተላይቶች ሁሉ መንገዱን ያገኙት እሷ ከረገጠችው ቦታ ነው።

አንድ የትምህርት ቤት ታሪክ ሳልነግራችሁ ብሄድ ያሳዝነኛል። እንግሊዝ አገር ኬተሪንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ጄፍሪ ፔሪ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር በተራ የሬዲዮ መቀበያ የሶቪየት ሳተላይቶችን ይሰማ ነበር። ሰዓት መመዝገብ፣ ድምፁን መቅዳት፣ ግራፍ መሣል። ሥራቸው ይኸው ነው። መጋቢት 8፣ 1958 ዓ.ም. ኮስሞስ 112 ስትላክ መንገዷ ከለመዱት የተለየ ሆነባቸው። ከሚታወቀው የማስወንጨፊያ ቦታ፣ ከባይኮኑር ልትነሣ አትችልም። መስመሩን ወደ ኋላ ሲስቡት ሶቪየቶች አንድም ቀን ያላነሡት ሌላ የማስወንጨፊያ ቦታ እንዳለ ደረሱበት። ዛሬ ፕሌሴትስክ ብለን የምናውቀው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኃያል መንግሥት ምስጢር አወጡ። መሣሪያቸው ሬዲዮ፣ ደብተርና ትዕግሥት ነበር።

ከጣርማ በር ምን ይሰማል?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ምን እንዳለ ያውቃል። መሬቱ ከእግር ሥር ይከዳል። ሸዋ ሮቢት ድረስ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ አፋር ነው። ለሬዲዮ ሰው ይህ የሚያስቀና ቦታ ነው። የህዋ ጣቢያው የሚያልፈው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከአድማስ ብቅ ሲል ገና ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው በሕንፃና በኮረብታ ተሸፍኖ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያጣቸዋል። ጣርማ በር ላይ፣ አንኮበር ላይ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ያለ ሰው ግን ጣቢያው ከአድማስ ሲወጣ ጀምሮ ይሰማዋል። ጭጋጉስ? የደብረ ሲና ጭጋግ መኪና ያቆማል፤ ሬዲዮ አያቆምም። በዚህ ሞገድ ላይ ጉምና ዝናብ ምንም አያደርጉም። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ግን ዕድሉ ይጠብበታል። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የገባማ ጭራሽ አይሰማም።

ጠፈርተኞቹ የሚያወሩበት ሞገድ 145.800 ሜጋኸርዝ ነው። አላላኩ ተራ ኤፍ ኤም ነው፤ የተለየ ምስጢር የለውም። ሙዚቃ የምንሰማበት ሬዲዮ ግን እዚህ ሞገድ ላይ አይደርስም። አንድ ማለፊያ ቢበዛ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጣቢያው ሲመጣ ሞገዱ ወደ 3.5 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ሲሄድ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። የስፑትኒኩ ነገር መሆኑ ነው። መቼ እንደሚያልፍ የሚያሰላ ነፃ ፕሮግራም ሞልቷል። የምሕዋሩ ቁጥር አንዴ ከወረደ ለቀናት ስለሚያገለግል ኔትወርክ ቢጠፋም ስሌቱ አይቆምም። በእኛ አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጣቢያው ሥዕል የሚላክ ጊዜ ደግሞ የሚሰማው ሲርሲርታ ነው። አንዱን ሥዕል ለመላክ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስልክ ላይ ሮቦት 36 የሚባል ነፃ አፕ ይጫናል፤ ስልኩን ከሬዲዮው ድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ሥዕሉ መስመር በመስመር እየተሣለ ይወርዳል። ገመድ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ልጅ ፊት ይህን ያደረገ መምህር ስለ ሞገድ ሌላ ማስተማሪያ አያስፈልገውም።

ግን የእኔ ትልቁ ተስፋ ጣቢያው አይደለም፤ ዲሹ ነው።

ኅዳር 6፣ 2011 ዓ.ም. ኢስሃይል 2 የተባለች የኳታር ሳተላይት ወደ ህዋ ወጣች። የቴሌቪዥን ሳተላይት ናት። በውስጧ ግን ለአማተሮች የተተወ ክፍል አለ፤ ኪው ኦ 100 ይሉታል። የጀርመንና የኳታር አማተሮች ተባብረው ያመጡት ነው። ይህች ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ከእኛ አንጻር ከቦታዋ አትነቃነቅም። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆማ ከብራዚል እስከ ታይላንድ፣ አፍሪካን በሙሉ ታያለች። ቀንም ሌትም ሰው ያወራባታል። እንዲህ ባለ ቋሚ ቦታ ላይ የተቀመጠ የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ ከሷ በፊት አልነበረም።

የቆመችው 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። የዲሽ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ይላል። ዐረብሳት ባድርም እዚያው ናት። ማለትም ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ ዐረብሳት የዞረ ዲሽ ካለ፣ ሳያውቀው የአማተሮቹንም ሳተላይት እያየ ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሰማዩ ላይ 70 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከፍ ብላ ትቆማለች፤ አውሮፓውያኑ ከዛፍና ከጣሪያ ጋር ሲታገሉ እኛ አናት ላይ አለችልን።

የሚጨመረው ትንሽ ነው። የሳተላይቷ የአማተር ድምፅ የሚወርደው በ10,489 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ዲሹ ፊት የሚታሰረው ተራ ምልክት መቀበያ፣ ኤል ኤን ቢ የሚባለው፣ ከዚህ ላይ 9,750 ይቀንሳል። የሚቀረው 739 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ይህን ፍላሽ ዲስክ የሚያህል ዩ ኤስ ቢ መቀበያ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ መስማት ይቻላል። መቀበያው መጀመሪያ ለቴሌቪዥን ነው የተሠራው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አማተሮች ሁሉን ነገር እንደሚሰማ አወቁበት። ዋጋው ከ30 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ነው። ለኤል ኤን ቢው 13 ቮልት መስጠት ያስፈልጋል፤ 13 ለቁም ሞገድ፣ 18 ለአግድም ሞገድ መሆኑን የትኛውም ዲሽ ሰሪ በእንቅልፍ ልቡ ይነግራችኋል። ያረጀ ኤል ኤን ቢ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሞገዱን ይስታል። የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አዲስ ቢሆን ይመረጣል። መሣሪያ የሌለው ደግሞ እንግሊዝ አገር ጉንሂሊ ከሚገኘው ጣቢያ በኢንተርኔት ያንኑ ሳተላይት መስማት ይችላል።

እዚህ ላይ የምለው ግልጽ ነው። በሰሜን ሸዋ ለህዋ ቅርብ የሆነው ባለሙያ ዲሽ ሰሪው ነው። ሳተላይት የት እንዳለ ያውቃል፣ በዲግሪ ያስባል፣ ገመድ ያበጃል፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል። የህዋ ክበብ ሲቋቋም ግን እሱን የሚጠራው የለም። የሚጠራው ባለ ዲግሪው ነው።

ፈቃድና ፍርሃት

መስማትና መላክ ይለያያሉ። ከላይ የጠቀስኩት ዩ ኤስ ቢ መቀበያ መላክ የሚባል ነገር አያውቅም። ገበያ ላይ የሚታየው የእጅ ሬዲዮ ግን ያስተላልፋል። እሱን ይዞ ያለ ፈቃድ መገኘት ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ ሞገድን የሚቆጣጠረው በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማንም ሰው መላኪያ ከመግዛቱ በፊት እዚያ መጠየቅ አለበት። ይህን ያለ ማወላወል ልበለው። አካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ያየው ይታወቃል። ጦርነት ደብረ ሲና ድረስ ደርሷል፤ ከሐምሌ 2015 ወዲህም ነገሩ አልረገበም። በዚህ ጊዜ ተራራ ላይ አንቴና ይዞ የሚታይ ወጣት «ሳተላይት እየሰማሁ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? እኔም ብሆን ሁለቴ አየዋለሁ። ስለዚህ ተራራው ይቆየን። ትምህርት ቤት ጣሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የወላጅና የአስተዳደር ፈቃድ ያለበት ቦታ ይሻላል።

የጥሪ ምልክታችን በኢ ቲ ይጀምራል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ድምፅ ጥቂት ስለሆነ የውጭ አማተሮች ሲያገኙት ይሻሙበታል። ጥያቄው ይኸው የአምስት ኪሎ ልምድ ለምን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አይደርስም የሚለው ነው። መሣሪያ ውድ ነው የሚለው መልስ እኔን አያሳምነኝም። መንገዱ ግልጽ ስላልሆነ ነው። ፈተናው የት ነው፣ ማን ይፈትናል፣ መሣሪያ ጉምሩክ ላይ ሲያዝ ማን ይመሰክራል? ለእነዚህ መልስ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ከአሥር የህዋ አውደ ጥናት ይበልጥ ይሠራል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10፣ 2012 ዓ.ም. የራሷን ሳተላይት ስትልክ ሁላችንም ደስ ብሎናል። እንጦጦ ላይ ሆኖ መረጃዋን የተቀበለው ግን ጥቂት ሰው ነው። የቀረነው በቴሌቪዥን አየን።

«ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል?» የሚል አዛውንት ቢኖር ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ እዚሁ መሬታችን ውስጥ አለ። ጋጋሪን በበረረ በ50ኛው ቀን፣ ግንቦት 24፣ 1953 ዓ.ም. የማጀቴና የካራ ቆሬ አካባቢ በርዕደ መሬት ተናወጠ። ማጀቴ ፈረሰች። ያን ጊዜ መንገድና ስልክ ሲቆረጥ ወሬ ይዞ የሚሄደው በቅሎና እግር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እዚህም ድረስ ሰው ከእንቅልፉ አስነሥቷል። ስልክ ማማው ሲወድቅ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪና ሽቦ ያለው አማተር ይቀራል። በብዙ አገር በአደጋ ጊዜ አማተሮች የሚጠሩት ለዚህ ነው። የህዋውን በዓል ሲያከብር የተለማመደ ሰው፣ ደካማ ምልክት ከጫጫታ መሐል መልቀም የሚያውቅ ሰው፣ ያን ቀን አዲስ ነገር አይማርም።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። የህዋ ጣቢያው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲሠራ ነው የታቀደው። ከዚያ በኋላ ሆን ተብሎ ወርዶ ሩቅ ውቅያኖስ ውስጥ እንዲወድቅ ይደረጋል። የሚያወርደውን መንኮራኩር እንዲሠራ ናሳ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ስፔስ ኤክስን መርጧል። የሚተኩት የግል ጣቢያዎች ላይ አማተር ሬዲዮ ቦታ ይኖረው እንደሆነ ገና የሚታገሉበት ነገር ነው። በርካሽ ሬዲዮ የሰው ድምፅ ከህዋ የሚሰማበት ዘመን ጥቂት ዓመት ብቻ ሊቀረው ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። አሪስ ትምህርት ቤቶች ከጠፈርተኛ ጋር እንዲያወሩ ማመልከቻ ይቀበላል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ጣቢያ ባይኖረውም ችግር የለውም። ሌላ አገር ያለ አማተር ጣቢያውን ያገኝና ድምፁን በስልክ መስመር ያገናኛል። ልጆቹ በተራ ይጠይቃሉ፤ 10 ደቂቃ ሲሞላ ጣቢያው ከአድማስ ይጠልቃል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ አንኮበር ላይ ወይም ሞላሌ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ይህን መጠየቅ ይችላል። የስፑትኒክ 70ኛ ዓመት መስከረም 2020 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ማመልከቻ ከገባ በኋላ ቀጠሮው ወራት ስለሚወስድ፣ ለዚያ በዓል የሚያስብ ርዕሰ መምህር ካለ ወረቀቱን ዘንድሮ ቢጀምር ነው የሚሻለው። የእንግሊዝኛ መምህሩንና ሰፈር ያለውን ዲሽ ሰሪ አብሮ ይጥራ።